ከኮቪልያ እስከ ክሊራንስ፦ የፈረንጅ ባልደረባ አሸኛኘት በኢትዮጵያ

ፈረንጅ ወደ አገራችን ለሥራ እንዴት እንደመጣ የሚተርኩ መጻሕፍት ሞልተዋል። ጠበንጃ ይዞ የመጣው፣ መስቀል ይዞ የመጣው፣ የባቡር ሐዲድ ንድፍ ይዞ የመጣው፣ ላፕቶፕና የፀሐይ ቅባት ይዞ የመጣው ሁሉ ጸሐፊ አላጣም። ሥራውን ጨርሶ፣ ባልደረቦቹን ተሰናብቶ እንዴት እንደሚሄድ ግን በወጉ የተጠና ነገር የለም። ችግሩ የአጥኚ ማነስ አይመስለኝም። በትክክል የሄደ ፈረንጅ ማግኘቱ ነው ያስቸገረው።

ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን በመጠኑ ይሞላል ተብሎ ይታሰባል። የሚያተኩረው በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ መሥሪያ ቤቶች፣ ፕሮጀክቶችና ትምህርት ቤቶች ላይ ነው። የመረጃ አሰባሰቡ «አሳታፊ ምልከታ» ይባላል፤ በተግባር ኬክ በተቆረሰበት ሁሉ መገኘት ማለት ነው። የቆዳ ቀለም ለጥናቱ ቁም ነገር አልሆነም። መዋጮ የሚዋጣለት እንጂ የማያዋጣ የውጭ አገር ሰው ሁሉ፣ ሕንዱ የሒሳብ መምህር፣ ቻይናው የመንገድ መሐንዲስ፣ ኬንያዊቷ የፕሮጀክት አስተባባሪ ሳይቀሩ፣ እዚህ ፈረንጅ ተብለው ተመዝግበዋል።

የአጥኚው መላ ምት አጭር ነው። ሽኝት የምንለው ሥርዓት ሰውን ለመሸኘት የተፈጠረ አይደለም። የጥንት ሰዎች እንግዳን ባለመልቀቅ ይፈጽሙት የነበረው ጉዳይ ነው፤ ሰንሰለቱ ወልቆ ጋቢ ተተካበት እንጂ ዓላማው አልተለወጠም።

ማስረጃ ከተፈለገ ፔሮ ዳ ኮቪልያ አለ። የፖርቱጋሉ ንጉሥ ዳግማዊ ዮሐንስ በ1487 እ.ኤ.አ. የላከው ይህ ሰው ዛሬ ቢሆን «የአጭር ጊዜ አማካሪ» ይባል ነበር። አይቶ፣ ጠይቆ፣ ሪፖርቱን ይዞ መመለስ ነበር ሥራው። ዐፄ እስክንድር በደስታ ተቀበሉት፤ በክብር ወደ አገርህ እልክሃለሁ ብለውም ቃል ገቡለት። ከዚያ ሞቱ። በኋላ የነገሡት ዐፄ ናዖድ ልሂድ ሲላቸው አይሆንም አሉት። ዐፄ ልብነ ድንግልም የአባታቸውን መመሪያ አላሻሻሉም። ርስት ተሰጠው፤ ሚስት አገባ፤ ልጆች ወለደ። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ሲደርሱ ሽማግሌው ኮቪልያ እዚሁ ነበር፤ አብሯቸው የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ታሪኩን ከራሱ አፍ ሰምቶ ጻፈው። የአጭር ጊዜ ውል ተፈርሞለት ዕድሜውን እዚህ የጨረሰ የመጀመሪያው አማካሪ ባይሆንም፣ ፋይሉ የተገኘለት የመጀመሪያው እርሱ ነው።

መልእክተኞቹስ? እነርሱም እስከ 1526 ድረስ ቆዩ። የመርከብ መዘግየት የራሱ ድርሻ ነበረው፤ ዛሬም ለእንዲህ ያለው ነገር አየር መንገድ ይወቀሳል። በመጨረሻ ሲፈቀድላቸው ሠዓሊው ላዛሮ ደ አንድራዴና ሐኪሙ ጆአዎ ቤርሙዴዝ እዚሁ ቀሩ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ንጉሡ ከጓዱ መካከል ሲመርጡ ያስቀሩት ሪፖርት ጸሐፊውን አይደለም፤ እጁ ሥራ የሚያውቀውን ነው። ይህ ዓይነቱ ማስተዋል በዘመናችን የሰው ኃይል አስተዳደር ውስጥ እየተመናመነ መጥቷል።

በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ዘዴው ረቀቀ። ጋፋት ላይ የነበሩት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ወንጌል ሊያስተምሩ መጥተው ሴቫስቶፖል የሚባለውን መድፍ ሠርተው ተገኙ። በሥራ መዘርዝሩና በሚሠራው ሥራ መካከል ዝምድና ያጣ የውጭ ባለሙያ ሁሉ እነዚህን ሰዎች ቢያስብ ይጽናናል። ለርዕሳችን የሚቀርበው ግን ሆርሙዝድ ራሳም ነው። የእንግሊዟን ንግሥት ደብዳቤ ይዞ በ1866 እ.ኤ.አ. ደረሰ፤ ታስረው የነበሩት አውሮፓውያን ተፈቱ፤ ጣና ዳር ቆራጣ ላይ ጓዛቸውን ጠቀለሉ። ራሳም የቀረው ስንብት ብቻ ስለነበር ወደ ንጉሡ ሰፈር ወደ ዘጌ ተሻገረ። ስንብቱ ላይ ተያዘ። መንገድ የጀመሩትም ከመንገድ ተመለሱ። ሁሉም እስከ 1868 ፋሲካ ድረስ አልተለቀቁም፤ ያን ሰሞን ደግሞ ንጉሡ እነርሱን ሊያስፈታ ለመጣው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ላምና በግ ሰደዋል። የሚሄደው ሰው ይብላም አይብላም፣ ሽኝት ያለ ሥጋ እንደማይሆን የሚያሳይ የጽሑፍ ማስረጃ ከዚህ ይጀምራል።

ማንም ሳይከለክላቸው የቀሩም አሉ፤ እነርሱ ለመላ ምታችን ችግር ይፈጥራሉ። ሐኪሞቹ ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ሬጂናልድ በ1959 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ የመጡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። ውሉ የሦስት ዓመት ነው። በሒሳቡ መሠረት በ1962 ኬክ ተቆርሶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ማለቅ ነበረበት። በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን አቋቋሙ፤ ዶክተር ካትሪን በ2020 እዚሁ አዲስ አበባ ዐረፉ። በ1962 ቀድሞ መዋጮ የሰበሰበ ሰው ከነበረ ገንዘቡን ለባለቤቶቹ መመለስ ይኖርበታል።

በቀኑ የሄደም አለ። በዚያው በ1962 ከመጡት የሰላም ጓድ መምህራን አንዱ ወሊሶ የተመደበው ፖል ሶንጋስ ነበር። ጊዜውን ጨርሶ ሄደ፤ አገሩ ገብቶ ሴናተር ሆነ፤ በ1992 ለፕሬዚዳንትነት የፓርቲው ዕጩ ለመሆን ተወዳድሮ በክሊንተን ተሸነፈ። ወሊሶ ቢቀር ኖሮ ማንም አያሸንፈውም ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታሪክ ደግሞ በመካከል የሚቀመጥ ነው፦ ከአሜሪካው ቲደብልዩኤ ጋር በ1945 ተጀመረ፣ ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ የተሾመው በ1971። ሩብ ምዕተ ዓመት የፈጀ ሽኝት ሆነ ማለት ነው፤ በቡና ሥርዓት ሲለካ ገና ቶና ላይ እንደመድረስ ነው።

ወደ ዛሬው እንምጣ። ንጉሥ የለም። ክሊራንስ አለ።

ሕጉ ፈረንጁ እንደሚሄድ አስቦ የተጻፈ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የውጭ አገር ዜጋ የሥራ ፈቃድ ለሦስት ዓመት የሚያገለግል ሆኖ በየዓመቱ ይታደሳል። እንግዲህ ፈረንጁ ይህን አንብቦ፣ የቀን መቁጠሪያውን አይቶ፣ ለሠራተኛው ሁሉ አንድ ኢሜይል ይጽፋል። አብሯችሁ በመሥራቴ ደስ ብሎኛል፣ የመጨረሻ ቀኔ ዐርብ ነው፣ ደህና ሁኑ። ላከው። በእርሱ ባህል ጉዳዩ አለቀ፤ ዐርብ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። ለኢሜይሉ ማንም መልስ አይሰጥም። በምትኩ ከሰኞ ጀምሮ ሰው አንድ በአንድ በሩን እያንኳኳ ይገባና «እውነት ነው እንዴ?» ይለዋል። የጻፈው እርሱ ራሱ መሆኑ የወሬውን እርግጠኝነት አይጨምርም። አንዳንዱ ደግሞ «ማን አስቀየመህ?» ይላል። ውሌ አለቀ ብሎ ቢመልስ አይታመንም፤ ውል ያለቀበት ሰው እዚህ አገር ታይቶ አያውቅም፣ የተራዘመለት እንጂ።

ቀጥሎ ክሊራንስ። አንድ ገጽ ወረቀት ናት። በግራ የክፍሎቹ ስም፣ በቀኝ የፊርማ ቦታ፦ ንብረት ክፍል፣ ፋይናንስ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ስምሪት፣ አይቲ፣ መዝገብ ቤት። አንዳንድ ቦታ የሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበርም ይፈርማል። ፈረንጁ የማኅበሩ አባል ሆኖ አያውቅም፤ አባል አለመሆኑን ግን ማኅበሩ በፊርማው ማረጋገጥ አለበት፤ ሊቀመንበሩ የሚገኙት ደግሞ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ቤተ መጻሕፍት ሲሄድ አንድም መጽሐፍ ተውሶ አያውቅምና ካርድ የለውም። ካርድ ስለሌለው መጽሐፍ አለመውሰዱን የሚያሳይ መረጃ አልተገኘም። ካርድ ይወጣለታል፤ ከዚያ ካርዱ ተመላሽ ይደረጋል፤ ከዚያ ይፈረማል።

ንብረት ክፍል የሁሉ ቁንጮ ነው። ሲመጣ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ የተሰጠው ስቴፕለር አሁን በሞዴል 19 ገቢ መሆን አለበት። ስቴፕለሩ በእጁ ነው። ግን መዝገቡ ላይ ያለው ጥቁር፣ እጁ ላይ ያለው ሰማያዊ። ጥቁር ልግዛና ልተካ ይላል። እንዲህማ አይሆንም፤ ግዥ የራሱ ክፍል አለው። ከብዙ ምክክር በኋላ የንብረት ኃላፊው «እኔ አንተን አምንሃለሁ፣ ኦዲተር ግን አያምንህም» ብለው ይፈርማሉ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከተጠቀሱት የስንብት ንግግሮች ሁሉ ከልብ የወጣው ይህ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የቀረው ማህተም ብቻ ነው። ማህተም ያዧ ፊልድ ወጥታለች። መሳቢያው ተቆልፏል፤ ቁልፉ እርሷ ጋ ነው፤ እርሷ ጅማ ናት። ኮቪልያ ቢያንስ የከለከለው ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ፈረንጁ ከፎቅ ፎቅ ሲንከራተት ሌላ ሥራ በስውር እየተሠራ ነው። ጸሐፊዋ ስም ዝርዝርና ፖስታ ይዛ ትዞራለች። መዋጮው በፈቃደኝነት ነው፤ ዝርዝሩ ግን ፈቃደኛ ያልሆነውን ሰው ቦታ ባዶ አድርጎ ለሁሉም ያሳያል። ከፈረንጁ ጋር ተጣልቶ ዓመት ሙሉ ሰላም ያላለው የሒሳብ ሠራተኛ ከሁሉ በላይ ያዋጣል። ይህ ክስተት በተደጋጋሚ ታይቷል፤ አጥኚው ደስታ ይሁን ፀፀት መለየት አልቻለም። የስጦታ ኮሚቴ ይቋቋምና ሽሮ ሜዳ ይሄዳል። ኮሚቴው ሁለት ወገን አለው። አንዱ የሚጠቅመውን እንግዛለት የሚል፣ ሌላው የሚያስታውሰን ይሁን የሚል። ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ሁለተኛው ነው፤ ስለዚህ ሰውየው ጋቢ፣ ጥልፍ ያለው ሙሉ የባህል ልብስ፣ ቆዳ ላይ የተሣለ የኢትዮጵያ ካርታ፣ ጀበና ከነሲኒው፣ በመጨረሻም አንድ ሞሰብ ይሰጠዋል። ለአንድ ሻንጣ የሚፈቀደው 23 ኪሎ ነው። ሞሰብ በክብደት ያልፋል፤ በቅርጹ ግን ከየትኛውም ሻንጣ ጋር አይስማማም። የሞሰቡ ምርጫ ከአጋጣሚ በላይ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ይዞት መሄድ አይችልም፣ ትቶት መሄድም ነውር ነው። ያለው ምርጫ መቅረት ነው።

ቀኑን መቁረጥም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ረቡዕና ዐርብ ጾም ናቸው፤ ኬክ እንቁላልና ወተት አለበት። ሰኞ ስብሰባ አለ። ማክሰኞና ሐሙስ ይቀራሉ፤ ሐሙስ የቁጠባ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቀን ነው። ውሉ ዓቢይ ጾም ላይ ያለቀበት ፈረንጅ ደግሞ ምስኪን ነው፤ 55 ቀን የሚጠብቀው ስለሌለ በበየዐይነቱና በጾም ኬክ ይሸኛል፤ ባልደረቦቹም «ለፋሲካ ብትቆይ ምናለበት» ይሉታል። ከልባቸው ነው። ራሳም እስከ ፋሲካ ቆይቷል።

የሥርዓቱ አካሄድ ከቦታ ቦታ አይለያይም። መሰብሰቢያ አዳራሹ ይጠረጋል፤ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ ድፎ ዳቦ ይቀርባል፤ ለስላሳው በመደዳ ይደረደራል። ኃላፊው ይናገራሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ «አንተ» ሲባል የኖረው ሰው በዚህ ቀን «እርስዎ» ይሆናል፤ መሄዱ የተረጋገጠው ያን ጊዜ ነው። ንግግሩ ብዙ መማራችንን፣ ቤቱ ቤታችን ቤታችንም ቤቱ መሆኑን ይገልጻል፤ በሄደበት ሁሉ አምባሳደራችን እንዲሆን ይጠይቃል። ምን እንደተማርን አይዘረዘርም፤ ጊዜውም አይበቃም። ከዚያ ያለብሱታል። እጅጌው ያጥራል፤ ሱሪው ይሰፋል፤ ሁሉም አንድ ድምፅ ሆኖ «ልክክ አለ!» ይላል። ተራው የእርሱ ሲሆን በአማርኛ «በጣም አመሰግናለሁ» ይላል፤ አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። «ክትፎ እወዳለሁ» ሲል እናቶች እንባቸውን ይጠርጋሉ። በሦስት ዓመት ያቀረባቸው የጥናት ሪፖርቶች ሁሉ ተደምረው ይህን ያህል አልተጨበጨበላቸውም፤ ይህን አንድ ጊዜ ጠቆም አድርጌ ልለፍ።

ፕሮግራሙ አለቀ ብሎ ፈረንጁ ይነሣል። አላለቀም። ቡናው ገና አቦል ነው። ቶና ይቀራል፤ በረካ ሳይጠጡ መሄድ ደግሞ ምርቃቱን ጥሎ መሄድ ነው። ሰዓቱን ያያል፤ ሰዓት ማየቱን ያዩ ሰዎች እንደ ርኅራኄ ጉርሻ ያጎርሱታል። አንድ ጉርሻ ጠብ ያመጣልና ሁለተኛው ይከተላል፤ ሦስተኛውን የሚያጎርሱት ኃላፊው ናቸው፤ እምቢ አይባልም። በእኛ አገር ሰው አፉ እንደሞላ ደህና ሁኑ ብሎ መውጣት አይችልም፤ ይህን ዘዴ ማን እንደፈለሰፈው ባይታወቅም ከሰንሰለት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል።

በተጨማሪም አንዴ የተነገረ ስንብት አይቆጠርም። ቢሮ የተሰናበተው ሰው ነገ የሒሳብ ሹሟ ቤት ምሳ ተጠርቷል። ከነገ ወዲያ ሾፌሩ ቤት ክርስትና አለ፤ ሳይመጣ ቢሄድ ቅያሜ ነው። ፈረንጁ በየቤቱ እንደ አዲስ ይሰናበታል፤ በየቤቱ እንደ አዲስ ይለቀስለታል። ዋናው ስንብት የቱ እንደሆነ የሚጠይቅ አይጠፋም። አጥኚው እስካሁን ባለው መረጃ ዋና የሚባል የለም።

ስለ ንብረቱ ብዙ አልልም፤ የታወቀ ነገር ነው። ፍሪጁ፣ ማይክሮዌቩና ፍራሹ ዋጋ ተጽፎባቸው ዝርዝራቸው በተበተነ በሰዓቱ ተይዘዋል። ከቀረጥ ነፃ የገባች መኪና ካለችው ነገሩ ይከብዳል፤ መብቱ ለሌለው ሰው ስትተላለፍ ቀረጡ ይከፈላልና መኪናዋም የራሷ ክሊራንስ አላት። ለዘበኛውና ለቤት ሠራተኛዋ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፍላቸዋል፤ ውሻውን የሚፈልግ አይገኝም። ቢሮ ውስጥ ያለው ተሽከርካሪ ወንበር ግን ባለቤቱ ሳይነሣ ወራሽ አለው። ከሥሩ በእስክሪብቶ ስም ተጽፎበታል፤ ቀኑም የተጻፈው ፈረንጁ ኢሜይሉን ከመላኩ በፊት ነው። ይህ ለወሬ ፍጥነት ጥናት የሚያገለግል ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

ወደ አውሮፓ የሚሄዱት አብዛኞቹ በረራዎች እኩለ ሌሊት አካባቢ ስለሚነሡ የመጨረሻው ሽኝት የሚደረገው ቦሌ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ በብርድ ነው። ሾፌሩ አለ፤ ጸሐፊዋ ከነባሏ መጥታለች፤ ሞሰቡም መጥቷል። ወደ መንገደኞች ተርሚናሉ ሲራመድ «ቻው» ይባባላሉ፤ ይመለስና ያቅፋቸዋል፤ እንደገና «ቻው»። በመጨረሻ ሞሰቡ ከጸሐፊዋ ጋር ወደ ከተማ ይመለሳል፤ «ስትመጣ ትወስደዋለህ» ተብሏል። ሲያርፍ በስልኩ የሚጠብቀው መልእክት «በሰላም ገባህ?» የሚል ነው። ሁለተኛው መልእክት ስለ ስኮላርሺፕ ነው።

አሁን የመላ ምታችን ዋና ማረጋገጫ ላይ ደረስን። ከሄደ በኋላ ጥቂት ወራት ያልፋሉ፤ ፕሮጀክቱ ያላለቀች ሥራ ትቀረዋለች፤ የሚያውቃት እርሱ ብቻ ነው። በአማካሪነት ተመልሶ ይመጣል። ባልደረቦቹ አይደነቁም። «ብለን ነበር» ይላሉ። ጥያቄ የሚነሣው ከሻይ በኋላ ነው። ጋቢው ይመለሳል ወይስ አይመለስም? ዳግመኛ ሲሄድ ዳግመኛ ይዋጣለታል ወይ? አንዱ ወገን አንድ ሰው አንዴ ከተሸኘ በቂ ነው ይላል። ሌላው ወገን ያለፈው ሽኝት ውጤት ስላላስገኘ እንደ ልምምድ ይታይ ባይ ነው። ወንበሩን የወረሰው ሰው አስተያየት ከመስጠት ተቆጥቧል፤ ከወንበሩ ግን አልተነሣም።

ነገሩን የፈታው መዝገብ ቤት ነው። አዲሱ ውል ከመፈረሙ በፊት የድሮው ፋይል ሲወጣ ክሊራንሷ ተገኘች። ሁሉም ፈርሟል፤ ማህተሟ ግን የለችም። ጅማ የሄደችው ከመመለሷ በፊት ሰውየው ተሳፍሮ ነበር። በመሥሪያ ቤቱ አሠራር ማህተም የሌለበት ክሊራንስ ክሊራንስ አይደለም፤ ክሊራንስ የሌለው ሠራተኛም ሥራ እንደለቀቀ አይቆጠርም። ስለዚህ ፈረንጁ አልሄደም። ኬኩ የተቆረሰው፣ ቄጠማው የተጎዘጎዘው፣ እናቶች ያለቀሱት በሥራ ገበታው ላይ ላለ ሰው ነበር። የሰው ኃይል ክፍሉ እነዚያ ወራት ከዓመት ፈቃዱ ይቀነሱ ወይስ ያለ ፈቃድ ከሥራ እንደቀረ ይያዙ የሚለውን ለሕግ ክፍል መርቶታል። የሕግ ክፍሉ ኃላፊ ፊልድ ናቸው።